ለኦዶኔ የሚበላሸው ሣጥን

ኔቪዮ ብሪጊ ደክሞታል። ይህን ከወዲሁ መናገሩ ይሻላል፤ ከዚህ በኋላ የሚያደርገውን ሁሉ የሚያደርገው ደክሞት ነውና። ጉልበቱ ደክሟል፤ ወገቡማ ከደከመ ቆይቷል። ከሁሉም ያታከተው ግን ስልኩ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊደፍኑ የተቃረቡ ጎረምሶች፣ ጎረምሳ የሚያሰኛቸው ጠባያቸው ነው፣ እየደወሉ በልጅነታቸው ቡና ቤት ጥግ ቆሞ ሳንቲማቸውን ሲበላ የኖረውን የጨዋታ ሣጥን ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ካልገተርነው ይሉታል። ጨዋታውን የያዘው የዱሮው ቦርድ እንደ ዱሮው እንዲሠራ ይፈልጋሉ፤ ኮምፒውተርም ተጨምሮበት ሦስት ሺህ ጨዋታ እንዲያጫውት ይፈልጋሉ። ሚስቶቻቸው ደግሞ የበሩን ስፋት ለክተው ይጠብቁታል። ኔቪዮ «ይቻላል» ይላል። ሌላ ሙያ የለው፣ ምን ይበል።

ጋራዡ ቼርቪያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከጨው ኩሬዎቹ ጀርባ ነው፤ እሱ ራሱ ከላዩ ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። በጥቅምት መጨረሻ፣ የባሕር ዳር መዝናኛዎቹ ተዘግተው ጭጋጉ ከኩሬዎቹ እየተነሣ መንገዱን መዋጥ ሲጀምር፣ ማፋልዳ መጣች። ማፋልዳ የኦዶኔ ሚስት ናት። ኦዶኔ ደግሞ የኔቪዮ የሥራ ሸሪክ፣ ከዚያም በፊት አስተማሪው የነበረ ሰው ነው። ያለፈው ዓመት ስትሮክ ቀኝ ጎኑን መትቶት ምላሱንም አስሮታል፤ «አይ» ከምትል አንዲት ቃል በቀር ከአፉ የሚወጣ ነገር የለም። ማፋልዳ አንድ ባዶ የቢራ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቀፈች።

«ኔቪዮ፣ እኔ አልቻልኩም» አለች። «በዱላው ወለሉን ይቀጠቅጣል። ውኃ ሲፈልግ ይቀጠቅጣል፣ መስኮት ሲፈልግ ይቀጠቅጣል፣ ምንም ሳይፈልግም ይቀጠቅጣል። ሽንት ቤት ገብቼ በወጉ አልወጣም። ኦርኔላ ፎርሊ የአረጋውያን ቤት አልጋ አግኝታለታለች። እስከ ገና መልስ ስጡ ተብለናል።»

ኦርኔላ ልጃቸው ናት፤ ቦሎኛ ትኖራለች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። እናቷ ቀድማ እንዳትሞትባት ነው የፈራችው። ኔቪዮ አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ ጠየቃት።

«በቀን ግማሽ ሰዓት ባገኝ አልሰደውም። ግማሽ ሰዓት ያ ዱላ ዝም ቢልልኝ። ማሽኖቹን ይወድ አልነበረም? አንድ ሥራለት እስቲ።»

ኔቪዮ የሚሠራቸው ሌሎች ሁለት ሣጥኖች ነበሩበት፤ ሁለቱንም ጥሎ እሺ አለ። ለኦዶኔ እምቢ ቢል የት ይገባል? ከራቬና እስከ ሪሚኒ ባለው ባሕር ዳር ሁሉ ለቡና ቤቱም ለመዝናኛውም የጨዋታ ሣጥን እያከራዩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር ነው ድርጅቱን የዘጉት። መስከረም ላይ አሸዋ የጠገቡትን ሣጥኖች ሲሰበስቡ ከታች የሚሸከመው ሁልጊዜ ኔቪዮ ነበር፤ የወገቡ ነገር ከዚያ ይጀምራል። ኦዶኔ የተበላሸውን ሣጥን የኋላ በር ከፍቶ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ ያዳምጣል፤ ያሸታል። የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ሳንቲም መክተቻው ላይ ጠቅ እያደረጉ በብልጭታው ነፃ ጨዋታ የሚሰርቁ ልጆች ነበሩ፤ ብልጭታው አንዳንዴ ቦርዱን ያቃጥለዋል። ኦዶኔ ሳይነካው «ይሄ በመለኮሻ ነው የሞተው» ይላል፤ ሲፈተሽም እንዳለው ይሆናል። ኔቪዮ ተሳስቶ የሆነ ያልሆነውን ሲነካካ ደግሞ «አንተ አህያ» ይለዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሌላ ስም አውጥቶለት አያውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። አንደኛው ደህና ሣጥን ወስዶ በዘዴ ያበላሸዋል፤ ሌላው ብልሽቱን ይፈልጋል። ካላገኘ ቦዩ ዳር ካለው መጠጥ ቤት ወይን ይገዛል። ሕጉ ሁለት ነው፤ የማይጠገን ነገር መስበር የለም፣ የምስሉን ቱቦ፣ ማለትም እንደ ዱሮ ቴሌቪዥን ያለውን መስታወት፣ መንካት የለም፤ ቱቦው ከጠፋም በኋላ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና። በዚህ ልማድ ኔቪዮ ሙያውን ተማረ፤ ወይንም ገዛ። በጣም ያናደደችው አንዲት ጊዜ ናት፤ ኦዶኔ የማፋልዳን ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ሰርቆ ሽቦዎቹ ከሚሰኩባቸው የቦርዱ የመዳብ ጥርሶች አንዷን ቀብቶበት ነበር። ቅቡ ለዓይን አይታይም፣ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። ኔቪዮ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ውሎ አላገኘም። ማፋልዳ ስለ ጥፍር ቀለሟ ሁለቱንም አልማረቻቸውም።

እንግዲህ ለኦዶኔ የሚሆነውን ሣጥን ከጋራዡ ጥግ አወጣ። ከእንጨት የተሠራ፣ አንድ ጎኑን ፀሐይ ያነጣው፣ እግሩን የባሕር ውኃ ያሳበጠው የመዝናኛ ሣጥን ነው። እግሩን በመጋዝ ቆርጦ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው አሳጠረው። ሽቦዎቹን በሙሉ ነቅሎ አዲስ አበጀ፤ ሁሉም ጫፋቸው አንድ ማበጠሪያ በመሰለ መሰኪያ ላይ ያልቃል፤ ያንን መሰኪያ አንዱ ቦርድ ላይ ስትሰካው አንድ ጨዋታ ነው፣ ነቅለህ ሌላው ላይ ስትሰካው ሌላ ጨዋታ። ኮምፒውተሩም በዚያው መሰኪያ እንዲገባ አድርጎ አሰናዳው። መቆጣጠሪያ ዘንጉ፣ ጆይስቲኩ፣ በግራ እጅ ይያዛል፤ የኦዶኔ ቀኝ እጅ ስለማይሠራ የመተኮሻውን ቁልፍ የእናቱ የልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ላይ አሰረው፣ በግራ እግር እንዲረገጥ። በዚህች ፔዳል በጣም ኮርቶ ነበር። በሦስት ሳምንት ጨረሰው፤ ሲጨርስ የሽቦ መበየጃ ካውያውን አስቀምጦ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበው። የዱሮ ቱቦ የሚያውቀው ዘገምተኛ ምስል ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ሲነቃ፣ ኔቪዮ የጫነበት ፕሮግራም እስኪያረጋጋው ድረስ፣ እጥፍ ፍጥነት ያለው ምስል ይልካል፤ ያ ለቱቦው መርዝ ነው። ስለዚህ ሁለት ማብሪያ አበጀ፤ ኮምፒውተሩ ይቀድማል፣ ተረጋግቶ ሲያበቃ ቱቦው ይከተላል። ሣጥኑን የዱሮ የምግብ ክፍላቸው ውስጥ በጎረቤት እርዳታ ካስገቡ በኋላ ማፋልዳ ይህን ስትሰማ ፊቷ ወደቀ። እኔ የምበላውን እረሳለሁ፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል እንዴት አስታውሳለሁ አለች። ኔቪዮ አዘነላት። ሁለቱንም በአንድ ማብሪያ አሰራቸውና ቱቦውን በራሱ የሚያዘገይ ዕቃ በሚቀጥለው ሳምንት አምጥቼ እገጥማለሁ አለ። ሌላ ሰው ይህን ቢያደርግ ኔቪዮ ራሱ ይጮኽበት ነበር።

የዚያን ቀን፣ ማብሪያዎቹን ከማሰሩ በፊት፣ ጨዋታዎቹን በተን አድርጎ ለኦዶኔ አሳየው። ሦስት ሺህ ስም እንደ ቅጠል እየወረደ አለፈ። ኦዶኔ በግማሽ ፊቱ አየና «አይ» አለ። ኔቪዮ ኮምፒውተሩን ነቅሎ እውነተኛውን ቦርድ ሰካ፤ የመጀመሪያ ሣጥናቸው ላይ የነበረውን፣ ኦዶኔ ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወተው የነበረውን። ኦዶኔ ጆይስቲኩን ያዘ፣ ፔዳሏን አንዴ ረገጣት። ከዚያ የጨዋታው መርከብ ሲመታ አየውና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ዱላው ወለሉን መታ። ማፋልዳ ወደ ኩሽና ሄደች። ኔቪዮ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሲመጣ ለመሞከር እንጂ ተስፋ ኖሮት አልነበረም። ጭጋጉ አስመርሮት፣ ጉልበቱ እየወጋው ገባ፤ ኮምፒውተሩን ሰካ፤ የሚያዘገየውን ዕቃ ጋራዥ ረስቶት መምጣቱን ሳያስታውስ ያችን አንዷን ማብሪያ ጫናት። ሣጥኑ ቀጭን የሚያስጨንቅ ፉጨት ለቀቀ፤ ምስሉ እንደ ጨርቅ ተጣጠፈ።

«አጥፋው!» የሚል ድምፅ ከኋላው ተሰማ። «ቱቦው፣ አጥፋው፣ አንተ አህያ!»

ኔቪዮ ስፒናውን ከግድግዳው መነጨቀ። ክፍሉ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ማፋልዳ እጇ ውኃ እያንጠባጠበ ከኩሽና ሮጣ መጣች።

«ማነው የተናገረው?»

«እሱ ነው» አለ ኔቪዮ። «አህያ አለኝ።» ይህን ሲናገር እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

ኦዶኔ ግን ለእንባ ጊዜ አልነበረውም። በዱላው ጫፍ የሣጥኑን ጀርባ እያመለከተ ነበር። ወንበሩን ገፍተው ከኋላ አስጠጉት። ኔቪዮ በቴስተር ይለካል፣ ኦዶኔ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል፣ በዱላው ጫፍ ይጠቁማል፤ ሲሳሳትበት «አይ» ይላል፣ ሲያገኝ ዝም ይላል። ዝምታው ድሮም ምስጋናው ነው። አንድ ፊውዝና አንድ ትራንዚስተር ነበር የሄደው፤ ቱቦው ተርፏል። ይህ ሁሉ እስኪገኝ ዱላው ወለሉን አንዴም አልመታም። ኔቪዮ ቀና ሲል ማፋልዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሽርጧን እንደታጠቀች ግድግዳውን ተደግፋ ተኝታለች።

ያን ቀን ወደ ቤቱ እየነዳ ሲመለስ ነው የገባው። ኦዶኔ ጨዋታ ወዶ አያውቅም። እያንዳንዱን ቦርድ ይጫወተው የነበረው ጉድለቱን ሊያገኝበት ነው፤ የሚወደው ብልሽቱን ነበር። ይህን ያህል ዘመን አብሮት ሠርቶ ይህን አለማወቅ! አህያ ማለቱ ትክክል ነበር። ኔቪዮ ሙሉ ሦስት ሳምንት አንዳች እንከን የሌለበት ሣጥን ሲሠራለት ከረመ፤ ለኦዶኔ ደግሞ እንከን የሌለበት ሣጥን ቁምሣጥን ነው።

ከዚያ በኋላ ማበላሸት ጀመረ። መጀመሪያ ያንን የሚያዘገይ ዕቃ ገጠመ፤ ቀጥሎ ቱቦው ያለበትን ወገን በኮምፔንሳቶ ጋርዶ በብሎን አሰረው። ኦዶኔ ኮምፔንሳቶውን ሲያይ ሕፃን አደረግከኝ የሚል ዓይን አሳየው፤ ኔቪዮ እንዳላየ ሆነ። የቀረውን ወገን ክፍት ተወው። በሳምንት ሁለቴ እየመጣ፣ ቦርድ እቀይራለሁ ብሎ ጎንበስ ይልና አንዲት ሽቦ ያላላል፣ አንዲት ፊውዝ በተቃጠለ ይተካል፣ ከጆይስቲኩ ሥር አንዲት ወረቀት ይሸጉጣል። ከዚያ «እንጃ፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ግራ አልሄድ ብሏል» ብሎ ይሄዳል። ኦዶኔ በግራ እጁ ካቻቢቴ ይዞ ያንን ሲፈልግ ይውላል። ቃላትም አንድ ሁለት እያለ መለሰ፤ ሁሉም የሙያ ቃላት ናቸው፤ ስፒና፣ ፊውዝ፣ ፒንሳ። ማፋልዳ እኔ ፒንሳ አይደለሁም፣ አንድ ቀን ስሜን ጥራ ትለው ነበር፤ ግን ስትለው ትስቃለች።

ገና ሳይደርስ ኦርኔላ መጣች። አባቷ የሣጥን ሆድ ውስጥ ጭንቅላቱን አግብቶ ስታገኘው ጮኸች፤ የታመመ ሰው ከኤሌክትሪክ ጋር፣ አብዳችኋል ወይ አለች። አልተሳሳተችም። ኔቪዮ ኮምፔንሳቶውን አሳያት፤ ስፒናውም ኦዶኔ ሲሠራ ግድግዳው ላይ እንደማይሰካ አሳያት። ማፋልዳ ግን ጣልቃ ገብታ ነገሩን ቆረጠችው።

«አልጋውን ለሌላ ሰው ይስጡት በያቸው። እኔ ከሰዓት በኋላ እየተኛሁ ነው። ገባሽ? እየተኛሁ ነው።»

ኦርኔላ እናቷን አየቻት፤ ለብዙ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች፤ አልጋውም ለሌላ ሰው ሄደ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን ድካም የሚባል ነገር አለ። የካቲት ሲደርስ ኔቪዮ የሚያበላሸው አለቀበት። አንድ ሣጥን ስንት ነገር ይበላሽበታል? ኦዶኔ ደግሞ እያደር ፈጠነ፤ ግማሽ ሰዓት የሚያስፈልገውን በእሩብ ሰዓት ያገኝና ያላላውን ሽቦ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ ለኔቪዮ ያሳየዋል። አንዳንዴም ሳይከፍት ይተነፍሳል፤ እንደገና ይህችኑ አመጣህ የሚል ትንፋሽ። ኔቪዮ ሁለት ደንበኛ ቀርቶበታል፤ ሐኪሙም ጉልበትህን ካላሳረፍክ አለቀ ብሎታል። በዚያ ጭጋግ ሲነዳ አንድ ቀን ቦዩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ላለመምጣት አሰበ። ከዚያ ማፋልዳን አሰበ፤ አልጋው ለሌላ መሄዱን አሰበ። በእሱ ተማምና ነው እምቢ ያለችው። ይህን እያሰበ አንድ ሳምንት ሙሉ አልሄደም፤ አሞኛል ብሎ ደወለ፤ ውሸትም አልነበረም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቁርጡን ሊነግራት ወስኖ ሄደ። መሣሪያውንም መኪናው ውስጥ ተወው። ማፋልዳ በሩን ስትከፍትለት ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ፊቷ ያረፈ ሰው ፊት ነው።

«ስትታመም መድኃኒት ይዤልህ እመጣ ነበር፣ ግን እኔም እንቅልፍ ጥሎኝ ቀረሁ» አለችው። «ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ስነቃ ጨልሟል። ዱላው አንዴም አልተሰማኝም። ደንግጬ ሮጬ ብወርድ ደህና ነው፣ ከሣጥኑ ኋላ ቁጭ ብሏል። እስቲ ግባ፤ ማሽኑ ግን እንቢ ብሏል።»

ሊሰናበት በመጣበት ቀን እውነተኛ ብልሽት! ኔቪዮ ሊናገር ያሰበውን ዋጠና መኪናው ድረስ ተመልሶ ዕቃውን አመጣ። ኦዶኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መስኮቱን ያያል። ኔቪዮ ሣጥኑን አበራው፤ ምስሉ ደህና ነው፣ ድምፁ ደህና ነው፣ ፔዳሏ ደህና ናት፤ መርከቡ ግን ወደ ቀኝ አልሄድም አለ። ጆይስቲኩን ፈትቶ አየ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ቦርዱን ነቅሎ ጥርሶቹን በብርሃን አየ፣ ያበራሉ፣ መልሶ ሰካው። ጉልበቱ አላንበረክክ ሲለው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ተኝቶ ፈለገ። የፈታውን እንደገና ፈታ። አንድ ጊዜ ቀና ሲል ኦዶኔ ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ እሱ ሲያይ አገኘው።

«አልገባኝም» አለ ኔቪዮ በመጨረሻ። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ጀርባውን ሣጥኑ ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ የደከመበትን ቀን አያስታውስም። «ገደለኝ ይሄ ሣጥን። አላገኘሁትም።»

ማፋልዳ ከላይ ደረጃው ላይ ሆና ጠራችው። ከመታጠቢያ ቤቱ እንደወጣች ናት፤ እጆቿን ዘርግታ ጥፍሮቿን ታያለች።

«ኔቪዮ፣ እንደው ምናልባት የጥፍር ቀለሜን አይተሃል? ያቺን ቀለም የሌላትን። ከመደርደሪያው ላይ ጠፋችብኝ።»

ኔቪዮ ዓይኑን ገለጠ። ኦዶኔ በደህና እጁ የደረት ኪሱን ሸፍኖ ነበር። በአንድ እጅ የጠርሙሱን ክዳን እንዴት ፈታው? በጥርሱ መሆን አለበት። በአንድ እጅ ያንን ቦርድ እንዴት ነቀለው፣ ያችን ብሩሽ ያለ መንቀጥቀጥ እንዴት ያዛት፣ እንዴትስ መልሶ ሰካው? ትናንት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጅቶበት መሆን አለበት፤ ማፋልዳ ተኝታ፣ ዱላው ግድግዳውን ተደግፎ። ስንቱን ሳምንት የላላች ሽቦ ሲያንጠለጥልለት የኖረው፣ ማን እንዳላላት እያወቀ ነበር።

ኦዶኔ ግማሽ ከንፈሩን ወደ ላይ ሳበ። ቃሉን ሲፈልግ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ጠርቶ ወጣለት።

«ወይን» አለ።

ኔቪዮ የሣጥኑን ጠርዝ ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሊናገር የመጣውን ነገር ማንም አልጠየቀውም። ኮቱን ለበሰ፤ ለማፋልዳም የጥፍር ቀለሟ ኦዶኔ ኪስ ውስጥ እንዳለ ነገራትና ቦዩ ዳር ወዳለው መጠጥ ቤት ወይን ሊገዛ ወጣ።